ዩሊያን ላምፐንስ

ዩሊያን ላምፐንስ (1926–2019 እ.ኤ.አ.) ልስን ባልነካው አርማታ የሚገነባውን ብሩታሊዝም የተሰኘ የሥነ ሕንፃ ስልት የተከተለ ቤልጅየማዊ አርክቴክት ነበር። የተወለደው በፍላንደርዝ፣ ደ ፒንተ ነው። የ1958ቱ የብራስልስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አመለካከቱን ለውጦት ከባህላዊ አሠራር ወደ አርማታ ፊቱን አዞረ።

ታዋቂው ሥራው ኤደላሬ የሚገኘው የከርሰላረ የእመቤታችን ጸሎት ቤት ሲሆን፣ በ1961 በእሳት በወደመው ሕንፃ ምትክ ተሠርቶ በ1966 ተጠናቀቀ። ግዙፍ ጣሪያው ከምድር ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ አርማታው ሲሞላ ቅርጽ የሰጡት ጣውላዎች አሻራም በላዩ ላይ ይታያል።

በመኖሪያ ቤቶቹ ውስጥ ክፍልን ከክፍል የሚለዩ ግድግዳዎች የሉም ማለት ይቻላል። በሲንት ማርተንስ ላተም ለአንድ መምህር የሠራውና በ1974 የተጠናቀቀው የቫን ቫሰንሆቨ ቤት መኝታው በክብ የእንጨት አጥር የታጠረ ነው። ውጪው እንደ ምሽግ ቢከብድም ውስጡ ብርሃናማ ነው።

አብዛኞቹ ሥራዎቹ በትውልድ አካባቢው በመወሰናቸው ለረጅም ጊዜ ከቤልጅየም ውጪ እምብዛም አልታወቀም። ሆኖም ሕንፃዎቹ ከአውሮፓ ብሩታሊዝም ቀዳሚ ሥራዎች ተርታ ሊሰለፉ ይገባቸዋል።