ምልክት ያለው የድጓ ገጽ

ብራና፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም

ጠጋ ብለው በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። ጸሐፊው ቦታውን የተወው ለዜማ ምልክት ነው። ከቃሉ በላይ የሰፈሩት ነጠብጣቦች፣ ቅስቶችና ደቃቅ ፊደላት ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚርገበገብ፣ የት እንደሚቆረጥ ለመሪጌታው ይነግሩታል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ እየተባሉ ይጠራሉ። የዜማ መጽሐፉን የድጓን ድርሰት ትውፊት ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ምልክቱን ያደራጁት ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል።

በደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ተማሪው ዜማውን በቃሉ መያዙ ብቻ አይበቃም፤ ድጓውን በገዛ እጁ መጻፍም ይጠበቅበት ነበር። ዘማሪውና ጸሐፊው፣ እንበል ገጣሚውና ሠዓሊው፣ በአንድ ሰው እጅ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ለማነጻጸር ያህል፣ ፓሪስ ውስጥ በ1913 እ.ኤ.አ. ገጣሚው ብሌዝ ሳንድራርና ሠዓሊዋ ሶንያ ደሎኔ ሲዘረጋ 2 ሜትር ያህል የሚረዝም መጽሐፍ አሳተሙ፤ ግጥሙና ቀለሙ ጎን ለጎን ይወርዳሉ። በድጓው ግን ምልክቱ ቃሉን አያጅብም፤ ያዜመዋል። ሥዕል የለበትም ብሎ ማለፍ ታዲያ ችኮላ ነው።

በቀይ የተጻፉት የበዓላት አርእስትና የተቀደሱ ስሞች ናቸው።