ጋያው ሲታጠብ ሳንባው አይታጠብም

ማጨሻን ያለ ኬሚካል፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጸዳ መሣሪያ መሥራት ይቻላል? ይቻላል። የጥርስ ሐኪም መሣሪያውን፣ ወርቅ ሠሪ ቀለበቱን የሚያጥብበት የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ለዚህም ያገለግላል። ውሃው በሰከንድ ከ20,000 እስከ 40,000 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ በዓይን የማይታዩ አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ሲፈነዱም ቆሻሻውን ከዕቃው ላይ ይነቅሉታል። ሳሙናም አልኮልም አያስፈልግም። ቴክኖሎጂው ይህን ያህል ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ ማጽዳቱ ለማን ይጠቅማል የሚለው ነው፤ መልሱም ያለው ታሪክ ውስጥ ነው።

ዱቦን እንውሰድ። ዱቦ በወላይታ ዞን ቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ ከአረካ ከተማ አጠገብ ያለች ስፍራ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሚተዳደረው የዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ነው። በዚህ አገርና በአጎራባች የደቡብ ሕዝቦች ዘንድ የማጨሻው ስም ጋያ ነው። አካሉ ሦስት ነው፦ ውሃ የሚይዝ ቅል፣ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት የሸክላ ራስ፣ ጭሱ የሚሳብበት ሸንበቆ። ቅሉ ከጓሮ፣ ሸንበቆው ከወንዝ ዳር ይገኛል። ራሱ ግን የሸክላ ሠሪ እጅ ይፈልጋል። በወላይታ ሸክላ ሠሪዎቹ ቺናሻ ይባላሉ። ሥራቸው በየቤቱ የሚፈለግ፣ እነሱ ግን በማኅበረሰቡ ለዘመናት የተገለሉ ሰዎች ናቸው።

ትምባሆ ሲቃጠል የሚወጣው ቅጥራን ሦስቱንም ክፍል ይይዛል፤ አያያዙ ግን ይለያያል። ሸክላው ቀዳዳ ስላለው ወደ ውስጥ ይመጠዋል። ሸንበቆው ውስጥ ጥቀርሻ ሆኖ መተላለፊያውን ያጠባል። ቅሉ ውስጥ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ቅጥራን ቅባትነት ስላለው በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። ሸክላ በእሳት የተሠራ ነውና መልሶ ፍም ውስጥ ቢገባ ቅጥራኑ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ይህ ከማንኛውም ኤሌክትሪክ በፊት የነበረ ኬሚካል አልባ ዘዴ ነው። ሸንበቆውን ቀጭን እንጨት ወይም ሽቦ ይጠርገዋል። አልትራሳውንዱ ከሁሉም በላይ የሚቸገረው በቅሉ ነው፤ ለስላሳና ቀዳዳማ ነገር ሞገዱን ይውጠዋልና። ስለዚህ ለጋያ የሚሆን መሣሪያ የሚነድፍ ሰው ለሸክላው ሙቀት፣ ለሸንበቆው የሚሽከረከር ብሩሽ፣ ለቅሉ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ ማሰብ አለበት። አንድ ሳጥን ሦስቱንም እኩል አያጥብም።

ሰው ጭስን ለማጠብ ያልሞከረበት ዘመን የለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በህንድ በንጉሥ አክባር ቤተ መንግሥት የነበረ ሐኪም፣ ትምባሆ ይጎዳል የሚል ስጋት ሲነሳ፣ ጭሱ በውሃ ውስጥ ቢያልፍ ይጠራል ብሎ መከረ ይባላል። 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ጆን ሃሪ ስቴድማንና ቻርልስ አንጀል የሚባሉ ሰዎች የፒፓ መጥረጊያውን ጸጉራም ሽቦ አወጡ። ዛሬ ሕፃናት በመዋያ ቤት አበባና እንስሳ የሚሠሩበት ባለ ቀለም ሽቦ የዚያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ኬንት የተባለው ሲጋራ ጭሱን የሚያጠራ አዲስ ማጣሪያ አለኝ ብሎ ገበያ ወጣ። ማጣሪያው ውስጥ ካንሰር የሚያመጣው አስቤስቶስ ነበረበት፤ እስከ 1956 ድረስም እንዲሁ ተሸጠ።

በሁሉም ውስጥ የሚደጋገም አንድ ነገር አለ። አጫሹ ሲሰጋ ንጹሕ የሚመስል ነገር ይቀርብለታል፤ ስጋቱ ይቀላል፤ ማጨሱ ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ውሃ ማጨሻ ባወጣው ምክር፣ ሰው በአንድ መቀመጫ የሚስበው ጭስ ከ100 ሲጋራ ጭስ ጋር ሊስተካከል እንደሚችል አስጠንቅቋል። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ ጉሮሮን እንዳይከረክር ያደርገዋል። መርዙን ግን አያስቀርም። የሚከረክር ጭስ ቢያንስ ያስላል፤ የቀዘቀዘው ዝም ብሎ ይገባል።

በአገራችን ትምባሆን ለመግታት የተሞከረው በማጠብ ሳይሆን በመከልከል ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ትምባሆ የሚያጨስን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስብን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ወላይታ በ1920 ዓ.ም. የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ሲገቡ፣ አማኝ የሆነ ሰው መጠጥና ትምባሆ መተው ነበረበት፤ ጋያን ማስቀመጥ የአዲስ ሕይወት ምልክት ሆነ። መንግሥት በበኩሉ ሌላ መንገድ ያዘ። ከጣልያን መባረር በኋላ በ1930ዎቹ ትምባሆን በሞኖፖል ይዞ ገቢ ሰበሰበበት። በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶ ድርሻ ለጃፓኑ ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ውስጥ ማጨስን ከለከለ፤ በሲጋራ ፓኬት ላይም ትልቅ የሥዕል ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ አዘዘ። ጋያ ግን ፓኬት የለውም። ማስጠንቀቂያው የሚለጠፍበት ቦታ የለም።

ስለ ቆሻሻው ራሱ አንድ የማይረሳ ታሪክ አለ። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ ዋሻ የሚባል ስፍራ አለ፤ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላሊበላ የተለየ ነው። በዚያ በቁፋሮ የተገኙ ሁለት የሸክላ ማጨሻ ራሶች ውስጥ የተጋገረው ጥቀርሻ ሲመረመር የካናቢስ ምልክት ተገኘበት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ታተመ፤ ዘመኑም ወደ 1320 ገደማ ተገመተ። ትምባሆ ከአሜሪካ አህጉር የወጣው ከ1492 በኋላ ነውና፣ ግምቱ ትክክል ከሆነ በዚህ አገር ሰው ማጨስ የጀመረው ትምባሆ ሳይመጣ ነው። የዘመን ግምቱን የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ። ክርክሩ ሊኖር የቻለው ግን ማጨሻዎቹን ማንም አጥቦ ስላላስቀመጣቸው ነው። የአያት ጋያ ቆጥ ላይ ያለበት ቤት ይህን ቢያስብ መልካም ነው። ለመታሰቢያ የሚቀመጥ ጋያ አይታጠብም፤ ጥቀርሻው ሰነድ ነው።

ለሚጨስበት ጋያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ እጣቢው። መሣሪያው ኬሚካል ባይጠቀምም ከጋያው የሚያወጣው ራሱ ኬሚካል ነው። ኒኮቲን ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ በቆዳም ይገባል። ዲዲቲ ከመምጣቱ በፊት አውሮፓውያን አትክልተኞች ተባይ የሚገድሉት በትምባሆ ውሃ ነበር። ጋያውን የሚያጥበው ብዙ ጊዜ የሚያጨሰው ሰው አይደለም፤ ሚስት ናት ወይም ልጅ ነው። ውሃው የሚደፋው ደግሞ ጓሮ፣ ዶሮ በሚጭርበትና ሕፃን በሚድህበት ቦታ ነው። እነዚህን እጆች ከቅጥራን የሚያወጣና እጣቢውን ለይቶ የሚይዝ መሣሪያ ከሆነ እውነተኛ ጥቅም አለው። ኬሚካል አልባ የሚለው ቃል ሽፋኑ ላይ ተጽፎ አጫሹን የሚያጽናና ከሆነ ግን ከአክባር ሐኪም ምክርና ከኬንት ማጣሪያ አይለይም።

መሐንዲሱ ጋያውን እንደ አዲስ ሊያስመስለው ይችላል። ለአርባ ዓመት ጭስ የሳበ አባት ዱቦ ሆስፒታል ደጅ ቁጭ ብሎ ሲያስል ግን፣ ለሳንባው የሚሆን ማጠቢያ እስከ ዛሬ ማንም አልሠራም። ለእሱ ያለው መፍትሔ ያው የጥንቱ ነው፦ ጋያውን ማስቀመጥ።