ከየኔታ ጩኸት እስከ ፒያሳ ኪራይ መጽሐፍ

በቤተ ክህነት ንባብ ቤት ዝም ያለ ልጅ እንዳላጠና ይቆጠራል። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው የዮሐንስን መልእክት በውርድ ንባብ ይላል፣ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም በየፊናው፣ ሁሉም ጮክ ብሎ። ለመንገደኛ ጫጫታ ነው። የኔታ ግን ወዳቂውን ቃል ተነሽ አድርጎ ያነበበውን ልጅ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል ለይተው ይመልሱታል። ልጁ በልቡ ቢያነብ በምን ያርሙታል? ደግሞም ብራና ውድ ነው፤ በአንድ መጽሐፍ ብዙ ልጅ ይማራል።

ጮክ ብሎ ማንበብ የእኛ ልማድ ብቻ አልነበረም። በ4ኛው መቶ ዘመን አውግስጢኖስ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ ድምፅ ሳያሰማ ሲያነብ አይቶ፣ እንግዳ ነገር ነውና ለትውልድ ጽፎታል።

አዲስ አበባ ውስጥ በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የውጭ ቋንቋ ትምህርት ያስፈራቸውን ጳጳሱን አቡነ ማቴዎስን ለማግባባት መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች ተመርጠው መጡ። ክርክሩ ምን ይነበብ በሚለው ላይ እንጂ እንዴት ይነበብ በሚለው ላይ አልነበረም። ለብቻ ለማንበብ መጀመሪያ ለብቻ የሚያዝ መጽሐፍ ያስፈልጋል፤ ይህንን ያመጣው ደግሞ ከደንብ ይልቅ ማተሚያ ቤት ይመስላል። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ስሙን የተጋራው ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ወጣ፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተከፈተ።

ተማሪውን ዝም ያሰኘው ግን ልብ ወለድ ነው። ፒያሳ ላይ መጽሐፍ በኪራይ ይገኝ ነበርና መግዛት ያልቻለ ተከራይቶ ይወስዳል። ኪራይ ቀን ስለሚቆጥር ሌሊቱን ማንበብ፣ ካላለቀም ክፍል ውስጥ በደብተር ከልሎ መጨረስ ነው። መምህር እንዳይሰማ ከንፈር እንኳ አይንቀሳቀስም። ማንም በሥርዓተ ትምህርት ያላስገባው የግል ንባብ ክፍለ ጊዜ ይህ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት «ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ» የሚል ትእዛዝ የተለመደ ነው። ነገር ግን ለዚህም መጽሐፍ ያስፈልጋል፤ አንድ መጽሐፍ ለሦስት በሚደርስበት ክፍል ፈጣኑ ልጅ ገጽ የሚገለጥበትን ጊዜ ይጠብቃል፣ ዘገምተኛው ሳይጨርስ ይገለጥበታል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘው ልብ ወለድም በሁሉም እጅ አልገባም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን ቤተሰብ ሙሉ ተሰብስቦ አደመጠው፤ የልብ ወለዱን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን በወጋየሁ ድምፅ እንጂ በገጹ ላይ የማያውቀው ሰው ዛሬም ብዙ ነው።