ከጭቃው ሥር የተገኘው የጣና ታሪክ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር የፎገራ ሜዳ ከፊቱ ይዘረጋል። ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ዛሬ ሩዝ የሚበቅልበት ይህ ሜዳ የጉማራና የርብ ወንዞች ከደጋው ጠርገው ያመጡት አፈር ያረፈበት ነው። ከሜዳው ያለፈው ደለል ጣና ገብቶ ይረጋል። የጣና ታሪክ ሲነሳ ሐሳባችን ቀድሞ የሚሄደው በደሴቶቹ ገዳማት ወደተቀመጡት የብራና መጻሕፍት ነው። ይሁንና ከብራናው እጅግ የሚቀድም ሌላ መዝገብ በሐይቁ ወለል፣ በጭቃው ውስጥ አለ።

የዚህ መዝገብ ፊደሎች ዳያቶም የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ናቸው። ዳያቶም ሰውነቱን መስተዋት በሚሠራበት ማዕድን፣ በሲሊካ፣ ቅርፊት ይሸፍናል። ሲሞት ገላው ይበሰብሳል፤ ቅርፊቱ ግን ሰጥሞ በደለሉ ውስጥ አእላፍ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አብዛኛው በዐይን አይታይም። ተመራማሪው ከጭቃው በቁንጥር ወስዶ ብስባሹን በኬሚካል ያስወግዳል፤ ደጋግሞ ያጥባል፤ ጠብታውን በስስ መስተዋት ላይ አድርቆ 1,000 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ያየዋል። ከዚያ ሥራው ቆጠራ ነው። ከአንድ ናሙና በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርፊቶች በየዓይነታቸው ይለያሉ። አንዱ ዓይነት በሰፊ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሌላው ጥልቀት በሌለው ውሃ ከዕፅዋት ተጣብቆ ይኖራል፤ ሦስተኛው ጨው ቀመስ ውሃ ይስማማዋል። እንግዲህ የትኛው እንደበዛ ያወቀ፣ የዚያን ዘመን ውሃ ጠባይ አወቀ ማለት ነው።

ሄንሪ ላም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመር፣ የዓሣ ተመራማሪው እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በጣና ሞከሩት። ከሐይቁ ጥልቅ ስፍራ ደለሉን በቱቦ ወግተው አወጡ፤ የደረሱበትንም እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። ከቱቦው ግርጌ የተገኘው ደርቆ የጠነከረ መሬት ነበር። ጣና ደርቆ ነበር ማለት ነው! ከዚያ በላይ የዕፅዋት ብስባሽና ተጣባቂዎቹ ዳያቶሞች ተገኙ። ከዛሬ 16,700 እስከ 15,100 ዓመት ገደማ በፊት የሐይቁ መኻል የደንገል ረግረግ ነበር። ቀጥሎ ጨው የሚስማማቸው በዙ። ውሃው እየሞላ ቢሆንም መውጫ አላገኘም፤ ፀሐይ እየመጠጠችው ጨው ቀመስ ሆኗል። ከዛሬ 14,750 ዓመት ገደማ በፊት ግን ለውጡ ድንገተኛ ነው፤ የጣፋጭ ውሃ ዳያቶሞች ተመለሱ። ጣና ሞልቶ ወደ አባይ የፈሰሰው ያን ጊዜ ነው።

ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ድረስ የተጓዙት አባይ ከየት ይነሳል ለሚለው ጥያቄ ነበር። ጭቃው የመለሰው ግን ጣና ከድርቀቱ በኋላ አባይን እንደገና መመገብ የጀመረው መቼ ነው የሚለውን ነው። በእርግጥ ከጣና የሚወጣው ውሃ አባይ ድንበር ሲሻገር ከሚይዘው አንድ አስረኛውን አይሞላም፤ ሌላው እንደ በሽሎ፣ ጀማና ዴዴሳ ካሉ ገባሮች ነው። ዳሩ ግን በዚያው ዘመን የነጭ አባይ ምንጭ የሆነው ቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቆ ነበር። የዝናቡ መጥፋት የጣና ብቻ ጣጣ አልነበረም።

«ጣና ነበረ፣ ይኖራል» እያልን ለምንጽናና ሰዎች ይህ ከባድ ወሬ ነው። ሐይቁ በስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጥልቅ ከተባለው ስፍራው ወለሉ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የጥንቱ ድርቀት የሰው እጅ አልነበረበትም። ዛሬ ግን በመውጫው የጨረጨራ ግድብ፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ወደ በለስ የሚወስደው ዋሻ አለ፤ በ2011 የታየው እምቦጭም ዳርቻውን ወሯል። ከደራና ከፎገራ ማሳ የሚታጠበው አፈር በጉማራና በርብ ይወርዳል።

ይህ ደለል ነገ የሚነበብ ሌላ ገጽ ነው። ከሺህ ዓመታት በኋላ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰው ስለ ዝናባችን ብቻ ሳይሆን ስለ እርሻችንና ስለ ቸልታችንም ያነባል። የቀደመው ገጽ ከእኛ በፊት ተጽፎ አልቋል፤ በዚህኛው ግን ገና የምንጨምረው አለን።