የጢም አረፋ፣ ብሩሹና አባ ሰንጋ

በዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ትንሽ ነገር እናወጋችኋለን። ይህም ጢም ከመላጨቱ በፊት ፊት ላይ የሚቀባው የሳሙና አረፋ ነው። ‹‹ስንት ቁም ነገር ሞልቶ ስለ አረፋ ይወራል ወይ?›› ትሉን ይሆናል። እስከ መጨረሻው ብትከተሉን ግን፣ በዚህ አረፋ ምክንያት ሰዎች የሞቱበት ዘመን እንደነበረ፣ ገዳዩም ከብት ያረባ ሰው ሁሉ በስሙ የሚያውቀው በሽታ እንደሆነ ትረዳላችሁ። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አረፋ ምንድን ነው? አረፋ ማለት ሳሙና፣ ውሃና አየር ተደባልቀው የሚፈጥሩት ነገር ነው። እናቶቻችን ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ ነጭ አረፋ ይወጣዋል፤ ሸማም ያነጣል። በጢም ላይ ያለው የአረፋ ሥራ ግን ከማጠብ የተለየ ነው። የደረቀ የጢም ጸጉር ጠንካራ ነው። ለጥቂት ደቂቃዎች ውሃ ሲጠጣ ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በቀላሉም ይቆረጣል። አረፋው ውሃው ከፊት ላይ ቶሎ እንዳይደርቅ ይይዘዋል፤ ምላጩም ቆዳን ሳይቧጭር እንዲንሸራተት መንገድ ይሠራለታል። እንግዲህ አረፋ ለጌጥ የሚቀባ ሳይሆን በምላጭና በቆዳ መካከል የሚቆም ጋሻ ነው ማለት ነው።

ጋሻውን አሠራር በተመለከተ የሰው ምርጫ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ሳሙናውን በኩባያ ውስጥ በብሩሽ አሽቶ፣ አረፋው ሲወፍር ወደ ፊቱ ይወስደዋል። ሌላው እርጥቡን ብሩሽ በሳሙናው ላይ ጥቂት አሽከርክሮ አረፋውን እዚያው ጉንጩ ላይ ያስነሳዋል። ሦስተኛው በቱቦ የሚሸጥ ክሬም ይወዳል፤ አራተኛው ብሩሽ የሚባል ነገር ሳይነካ በእጁ ብቻ ይቀባል። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ውሃው ከበዛ አረፋው ትላልቅ ፊኛ እየሠራ ይጠፋል፣ ውሃው ካነሰ ደግሞ እንደ ሊጥ ፊት ላይ ይደርቃል። ልኩ በእጅ ልማድ የሚገኝ ነው፤ የእንጀራ ሊጥ ልኩ በእናቶች እጅ እንደሚታወቀው ማለት ነው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ጢም የሚላጨው በጢም ላጪ እጅ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ፈረንሳዊ ቢላዋ ሠሪ ሰው ራሱን በራሱ እንዲላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። በ1823 ደግሞ ሚሼል ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ስለ እንስሳት ስብ ያካሄደውን ምርምር አውጥቶ፣ ስብ ከምን ከምን እንደተሠራና ሳሙና ሲሆን ምን እንደሚደርስበት አስረዳ። ከዚህ ዕውቀት በኋላ ሳሙና ሠሪዎች ለልብስ ሳይሆን ለጢም ተብሎ የተዘጋጀ፣ አረፋው ወፍራምና ቶሎ የማይጠፋ ሳሙና መሥራት ቻሉ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ ሰው ስለቱ ሲደነዝዝ የሚጣል ቀጭን ምላጭ ለመሥራት አሰበ። ኩባንያውን በ1901 አቋቋመ። በ1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በ1904 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት፤ ከዚያ በኋላ ገበያው ደራ። ሰው ወደ ጢም ላጪ መሄዱን እየተወ በየቤቱ መላጨት ጀመረ። በየቤቱ ሲላጭም በየቤቱ አንድ ሳሙናና አንድ ብሩሽ አስፈለገው።

ከዚህ በኋላ በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በሚያዝያ ወር 1915 የጀርመን ጦር በቤልጂየም አገር፣ በኢፕር ከተማ አጠገብ፣ ክሎሪን የተባለ መርዝ ጋዝ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ወታደር ሁሉ የጋዝ መከላከያ ጭንብል ያዘ። ጭንብሉ ፊት ላይ ጥብቅ ብሎ ካልገጠመ ጋዙ በስንጥቁ ይገባል፤ ጺም ደግሞ እንዳይገጥም ያደርገዋል። ስለዚህ መላጨት የመልክ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ጉዳይ ሆነ። የእንግሊዝ ጦር ወታደሮቹ የላይኛውን ከንፈራቸውን እንዳይላጩ የሚያስገድድ ደንብ ነበረው፤ ይህም በ1916 ተሻረ። አሜሪካም በ1917 ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ ከጂሌት ኩባንያ 3.5 ሚሊዮን ያህል መላጫ ለወታደሮቿ ገዛች።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው ብሩሽ ፈለገ። ከሁሉ የሚመረጠው ብሩሽ ባጀር ከተባለ ጉድጓድ ቆፋሪ የዱር እንስሳ ጸጉር የሚሠራው ነበር፤ ለስላሳ ነው፣ ውሃም ይይዛል፣ አረፋውንም ያሳምረዋል። ዋጋው ግን ውድ ነው። ከጦርነቱ በፊት ከምሥራቅ አገሮች የሚመጣው የእንስሳ ጸጉር ብዙው በጀርመን በኩል እያለፈ፣ እዚያ ተለይቶና ተጣርቶ ነበር ለብሩሽ ሠሪዎች የሚደርሰው። ጦርነቱ ያንን መንገድ ዘጋው። ነጋዴዎችም ከእስያ በቀጥታ የመጣ ርካሽ የፈረስ ጸጉር እየገዙ፣ የባጀር ጸጉር እንዲመስል ቀለም እየቀቡ ብሩሽ ሠርተው ሸጡ። ከጸጉሩ ውስጥ ከፊሉ በሚገባ ከበሽታ አልጸዳም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በእንግሊዝም በአሜሪካም ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር አዩ። ከብት ነክተው፣ ቆዳ ፍቀው የማያውቁ ወታደሮችና የከተማ ሰዎች በጉንጫቸውና በአንገታቸው ላይ ቁስል እያወጡ መጡ። ቁስሉ በመጀመሪያ እንደ ትንኝ ንክሻ የሚያሳክክ እብጠት ነው፤ ቀጥሎ ውሃ ይቋጥራል፤ ከዚያም መሐሉ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ ዙሪያው ያብጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን አያምም። ውድ ወገኖቻችን፣ ከመካከላችሁ ይህን የሚያውቅ አለ። ይህ አባ ሰንጋ ነው። ፈረንጆቹ ‹‹አንትራክስ›› ይሉታል፤ ቃሉ በግሪክኛ ከሰል ማለት ነው።

አባ ሰንጋን የሚያመጣውን ተሕዋስ ሮበርት ኮህ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1876 አሳይቷል። ሉዊ ፓስተርም በ1881 በበጎችና በላሞች ላይ የክትባቱን ኃይል በአደባባይ አስመስክሯል። ስለዚህ በሽታው ለሐኪሞቹ እንግዳ አልነበረም፤ እንግዳ የሆነባቸው የመጣበት መንገድ ነው። ተሕዋሱ መጥፎ ጊዜ ሲመጣበት ራሱን ጠንካራ ቅርፊት ባለው ዘር ውስጥ ይደብቃል። ያ ዘር በአፈር፣ በቆዳና በጸጉር ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የሳሙና አረፋም ሆነ ለብ ያለ ውሃ አይገድለውም። እንዲያውም ብሩሹ በአረፋ ሲታሽ ዘሩ ከጸጉሩ ወደ ፊት ይተላለፋል፤ ምላጩ በከፈተው ትንሽ ጭረትም ይገባል። ጋሻ የተባለው አረፋ የጠላት ማጓጓዣ ሆነ ማለት ነው።

መርማሪዎች የበሽተኞቹን ብሩሾች ሰብስበው በመረመሩ ጊዜ ተሕዋሱን በአዳዲሶቹ ብሩሾች ላይ አገኙት። በጦርነቱና በተከታዮቹ ዓመታት በሁለቱ አገሮች በዚህ መንገድ የታመሙት ከ200 በላይ እንደሆኑ ኋላ የተደረገ ጥናት ያመለክታል። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘምና ከመካከላቸው የሞቱ ነበሩ። እንግሊዝ በ1919 አባ ሰንጋን የሚከላከል ሕግ አወጣች፤ በ1920ም በጃፓን የተሠሩ የጢም ብሩሾች ወደ አገሯ እንዳይገቡ ከለከለች። ጸጉር በኃይለኛ እንፋሎት እንዲጸዳ የሚያስገድዱ ደንቦችም ተከተሉ። ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል በሽታው ከጢም ብሩሽ እየጠፋ ሄደ።

በዚያው በ1919 ፍራንክ ሺልድስ የተባለ አሜሪካዊ ያለ ብሩሽ በእጅ የሚቀባ ‹‹ባርባሶል›› የተባለ ክሬም አወጣ። በ1949 ደግሞ ተጭኖ አረፋ የሚተፋው ቆርቆሮ በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ በሱፐር መደርደሪያ ላይ ‹‹ቄጼፍ ጊሉዋሕ›› ተብሎ ተጽፎበት የምታዩት የዚያ ልጅ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ምን ይቀራል? አንደኛ፣ የአባቶቻችሁን ሥርዓት አትናቁ። ኦሪት በክት እንዳይበላ ያዝዛል። ሥርዓቱ የተጠበቀው ለፈጣሪ ቃል ሲባል ነው፤ ነገር ግን በድንገት የሞተ ከብት ሥጋ ያልቀረበበት ቤት ከአባ ሰንጋ አንዱን በር ዘግቶ ኖሯል። ከአገር ቤት ጥሬ ቆዳ፣ ጸጉር ወይም ጭራ ላምጣ የሚል ዘመድ ካለም፣ ያልተጣራ ጸጉር ምን እንዳደረገ ንገሩት።

ሁለተኛ፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 27 የጺምን ዳር ማጥፋት ይከለክላል። በዚህ አገር ሃይማኖት አጥባቂዎች ስለት ያለው ምላጭ ፊታቸውን አያስነኩም፤ በመቀስ ወይም ረቢዎች በፈቀዱት የኤሌክትሪክ መላጫ ይቆርጣሉ። ቤተሰባችሁ የትኛውን እንደሚከተል ቄሶቻችሁንና ረቢዎችን ጠይቃችሁ ወስኑ።

ሦስተኛ፣ ምላጭ የምትጠቀሙ ብትሆኑ ውሃውን እወቁ። የዚህ አገር የተራራ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ነው፤ በውሃ ማፍያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ሳሙናን ያረጋዋልና አረፋ አልነሣ ሲላችሁ ሳሙናውን ጨምሩ። ከ2005 ወዲህ፣ የአሽቀሎን የባሕር ውሃ ማጣሪያ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ኖራው የተነሣለት ውሃ በብዙ ቦታ ይደርሳል፤ እዚያ አረፋው ቶሎ ይነሣል።

አራተኛ፣ ምላጭና ብሩሽ አባትና ልጅም ቢሆኑ አይዋዋሱ። ብሩሹን ከተላጫችሁ በኋላ አጥባችሁ፣ አራግፋችሁ አድርቁት። ጸጉሩ የተጠቀለለ ሰው ሲላጭ ጸጉሩ ተመልሶ ወደ ቆዳው እየገባ እብጠት ያወጣበታል። ይህ ያለንጽሕና የመጣ በሽታ አይደለም፤ የጸጉር ተፈጥሮ ነው። በጸጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ፣ በብዙ አረፋ፣ ሳይደጋግሙ መላጨት ይረዳል። ልጆቻችሁ ጦር ሠራዊት ገብተው በየዕለቱ ተላጩ ሲባሉ ፊታቸው ቢቆስል ዝም አይበሉ፤ ለሐኪም ያሳዩ፣ ሐኪሙ ጺም እንዲያሳድጉ ፈቃድ ሊያጽፍላቸው ይችላል።

በመጨረሻም፣ በፊት ላይም ሆነ በእጅ ላይ መሐሉ የጠቆረ፣ የማያምም ግን የሚያብጥ ቁስል ብታዩ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ቁፓት ሆሊም ሂዱ። ከብት ወይም ቆዳ ነክታችሁ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩት። ዛሬ መድኃኒት አለው፤ በጊዜ የደረሰ ይድናል። አረፋውን ግን እንደየምርጫችሁ አስነሡት፤ በኩባያም ይሁን በጉንጭ፣ በብሩሽም ይሁን በእጅ። ሰላም ሰንብቱ።