ራሱን የተጠራጠረው ሐኪም

የሰውን ጠባይ በዓይነት በዓይነቱ መመደብ የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። በአገራችን ዐውደ ነገሥት የሚገልጡ አዋቂዎች የሰውን ኮከብ እሳት፣ ውሃ፣ ነፋስና መሬት እያሉ ሲከፍሉ ኖረዋል። የጥንት ግሪክ ሐኪሞችም ጠባይን ከአራት የሰውነት ፈሳሾች ጋር ያያይዙት ነበር። ዛሬ በስደት አገር አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ የሚያድሉት የጠባይ መጠይቅ ግን መነሻው ካርል ጉስታቭ ዩንግ የተባለ የስዊስ ሐኪም ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1875 የተወለደው ዩንግ በ1907 ቪየና ሄዶ ከዝነኛው ሲግመንድ ፍሮይድ ጋር ተዋወቀ። በ19 ዓመት የሚበልጠው ፍሮይድ እንደ ልጁና እንደ ወራሹ አየው። ዳሩ ግን በሐሳብ ተጋጩና በ1913 ወዳጅነታቸው ፈረሰ። ብዙ የሥራ ባልደረቦቹም ሸሹት። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የነበረውን መምህርነት ተወ፤ በ1914 ደግሞ ከማኅበራቸው ሊቀ መንበርነት ለቀቀ።

በዚያው ሰሞን ዓይኑ እንደተገለጠ አስፈሪ ራእይ ይታየው ጀመር። አውሮፓ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ፣ ውሃውም ደም ሲሆን አየ። የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክም የኖረው ሰው «እኔም ልታመም ይሆን?» ብሎ ራሱን ተጠራጠረ።

ታዲያ በምን ተቋቋመው? በስተርጅናው እንደተናገረው፣ የሕክምና ዲፕሎማ እንዳለው፣ ሚስትና አምስት ልጆች እንዳሉት፣ የቤቱም አድራሻ የት እንደሆነ ለራሱ ያስታውስ ነበር። በሽተኞቹን ማከም አላቋረጠም። ከምሳ በኋላ ሐይቅ ዳር ወርዶ እንደ ልጅነቱ በድንጋይ ትንንሽ ቤቶች ይሠራ ነበር። ያየውንም ሁሉ ይጽፍና ይሥል ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ጥያቄ አልለቀቀውም። ፍሮይድና ሌላው ሐኪም አልፍሬድ አድለር አንድ ዓይነት በሽተኛ አይተው ለምን የተለያየ ነገር ይናገራሉ? መልሱን በ1921 ባሳተመው የጠባይ ዓይነቶች መጽሐፍ አቀረበ። አንዱ ሰው ኃይሉን ወደ ውጭው ዓለም፣ ሌላው ወደ ውስጡ ያዞራል፤ ይህ የአፈጣጠር ልዩነት እንጂ የአንዱ ጉድለት አይደለም አለ። ፍጹም የአንዱ ወገን ብቻ የሆነ ሰው እንደሌለም አስጠንቅቋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የተባሉ አሜሪካውያን ከዚሁ መጽሐፍ ተነሥተው ሰውን በ16 ዓይነት የሚመድብ መጠይቅ አዘጋጁ። ሁለቱም በሥነ ልቦና የሠለጠኑ አልነበሩም። መጠይቁን በድጋሚ የሞላ ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ውጤት ስለሚያገኝ ተመራማሪዎች ይነቅፉታል።

እንግዲህ ዲፕሎማውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ ከችሎታው በታች የሚሠራ፣ በስብሰባ ላይም ዝም በማለቱ «ሰነፍ ነኝ መሰለኝ» የሚል ስደተኛ ይህን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ዝምታ የጠባይ እንጂ የዕውቀት መለኪያ አይደለም። የጠባይን ሚዛን የሠራው ሐኪም እንኳ ማንነቱ ሲጠፋበት የያዘው ሚዛኑን አልነበረም፤ የተማረውን፣ ቤተሰቡን፣ የዕለት ሥራውንና አድራሻውን ነበር።