የጽንስ የመጀመሪያ ቀናት፦ ምግብና ዘረ-መል

ዘረ-መል ከእናትና ከአባት የሚወረስ፣ በሰውነታችን ህዋሳት ውስጥ ያለ መመሪያ ነው። ጽንስ ከተጸነሰበት ሰዓት ጀምሮ መመሪያው ሙሉ ነው፤ ግን ወዲያው አይሠራበትም። መጀመሪያ የሚኖረው እናት በእንቁላሏ ባኖረችለት ስንቅ ነው። ስንቁ እያለቀ ሲሄድ የራሱ ዘረ-መል ይነቃል። ይህ በአይጥ ጽንሱ ሁለት ህዋስ ሲሆን፣ በሰው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ ከአራት እስከ ስምንት ህዋስ ሲደርስ ይሆናል። ዘረ-መሉ ያልነቃ ጽንስ እድገቱ ይቆማል።

ምግብ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ጽንሱ በነዚህ ቀናት ስኳርን በደንብ መጠቀም አይችልም። የሚያስፈልገው ፓይሩቬት የተባለ፣ ስኳር በሰውነት ውስጥ ሲሰባበር የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ይህንንም የእናት ሰውነት ራሱ ያቀርብለታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ፓይሩቬት ያላገኙ ጽንሶች ሁለት ህዋስ ላይ ቆመው ቀሩ። ፓይሩቬትን የሚያብላሉት ኢንዛይሞች ዘወትር የሚሠሩት የህዋስ ኃይል ማመንጫ በሆነው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። በዚያ ወቅት ግን አንዳንዶቹ ለአጭር ጊዜ ዘረ-መሉ ወዳለበት ወደ ህዋሱ አስኳል ይገባሉ። ከፓይሩቬት የሚገኘው አሴቲል ዘረ-መሉ በተጠቀለለበት ፕሮቲን ላይ ሲለጠፍ ጥቅሉ ይላላል፤ መመሪያውም ይነበባል። ምግብ ማገዶ ብቻ ሳይሆን ቁልፍም ነው ማለት ነው።

የጽንስ ምርምር ለያቭኔና ለገደራ ቅርብ በሆነችው፣ ከቂርያት መላኪም በማትርቀው በረሆቦትም ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 በቫይስማን ኢንስቲትዩት የፕሮፌሰር ያዕቆብ ሐና ቡድን የአይጥ ጽንሶችን ከማህፀን ውጭ፣ በሚሽከረከሩ ጠርሙሶች፣ ምግብና ኦክስጅን መጥኖ እስከ 11ኛው ቀን አሳድጓል።

ለቤተሰብ የሚጠቅመው ነገር ይህ ነው፦ ብዙ ሥራ የሚያልቀው ሴቲቱ ማርገዟን ሳታውቅ ነው። የሕፃኑ አንጎልና አከርካሪ የሚሠሩበት ቱቦ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። በደንብ እንዲዘጋ ፎሊክ አሲድ ይረዳል። ስለዚህ ለመውለድ የምታስብ ልጅ ወይም ምራት ከማርገዟ በፊት ጀምራ በቀን 400 ማይክሮግራም እንድትወስድ ይመከራል። ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለባት፣ ወይም የዚህ ቱቦ ችግር ያለበት ልጅ ወልዳ የምታውቅ ከሆነ፣ መጠኑን የቁፓት ሖሊም ሐኪሟ ይወስንላታል።